ጀግናው በየትኛው ዘዬ ይናገር?

ጋሽ በቀለ ለረጅም ዘመን የሬዲዮ ድራማ ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ናቸው። ህሊና የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ ጌም ወደ መሥራቱ ገብታለች። አጎትና የወንድም ልጅ ሲገናኙ የሚከራከሩበት አያጡም፤ የዛሬው ክርክራቸው ቪዲዮ ጌም ውስጥ ስለሚሰማው የሰው ድምፅና ዘዬ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሽ በቀለ፦ ወንድምሽ የሚጫወተውን ጌም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ዘመኑ የመስቀል ጦርነት ነው አለኝ፤ 1191። አገሩ ሶርያና ኢየሩሳሌም። ገበያው፣ ግንቡ፣ አቧራው ሳይቀር አንጀት ያርሳል። ጀግናው አፉን ሲከፍት ግን የአሜሪካ ጎረምሳ ሆኖ ቁጭ! እስቲ ይሄ ማንን ይመስጣል?

ህሊና፦ ያዩት «አሳሲንስ ክሪድ» ነው፤ በ2007 የወጣው የመጀመሪያው። ጀግናው አልታየር ይባላል። ቅር ማለትዎ ልክ ነው፤ በምክንያቱ ላይ ግን አንስማማም መሰለኝ።

ጋሽ በቀለ፦ ምክንያቱማ ምን ምርምር ያሻዋል? በ1191 አሜሪካ የሚባል አገር አልነበረም።

ህሊና፦ የዛሬው እንግሊዝኛስ መች ነበረ? በዚያ ዘመን ደማስቆ ገበያ ላይ በዚህ እንግሊዝኛ ዕቃ የገዛ የለም። ያንን ግን ጆሮዎ አልፎታል። ቋንቋውን ያለፈ ጆሮ ዘዬው ላይ ሲደርስ ለምን ይጨክናል?

ጋሽ በቀለ፦ ቋንቋው ለመግባቢያ ነዋ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልሰው፣ «አንተ ዴንማርካዊ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ከአዳራሹ የተነሳ ሰው አልነበረም።

ህሊና፦ እሱን ነው የምልዎት። ሐምሌት አማርኛ ሲናገር እናቱም፣ ንጉሡም፣ መቃብር ቆፋሪውም አማርኛ ይናገራሉ። መጋረጃው ሲከፈት ከተመልካቹ ጋር ውል ታስሯል። አልታየር ላይ የፈረሰው ይሄ ውል ነው። ባልደረባው ማሊክ የዓረብ ቅላጼ አለው፤ ከእሱ ጋር በአንድ ማኅበር ያለው ጀግና ግን በአሜሪካ ዘዬ ይመልስለታል። ታሪኩ ማመካኛ አላጣም፤ የምናየው ሁሉ ዴዝሞንድ የሚባል የዛሬ አሜሪካዊ በማሽን ታግዞ ከአያቶቹ ትዝታ የሚቀዳው ነው። ጆሮ ግን ማመካኛ አይሰማም። ሠሪዎቹም ሳይገባቸው አልቀረም፤ በ2011 «ሬቨሌሽንስ» ላይ አልታየር ተመልሶ ሲመጣ ካስ አንቫር የሚባል ሌላ ተዋናይ በመካከለኛው ምሥራቅ ቅላጼ ተናገረለት።

ጋሽ በቀለ፦ በመካከሉስ?

ህሊና፦ በመካከሉ ኤዚዮ መጣ፤ በ2009። የፍሎረንስ ልጅ ነው። የሚናገርለት ሮጀር ክሬግ ስሚዝ አሜሪካዊ ነው፤ ግን ኤዚዮም፣ ቤተሰቡም፣ ጠላቱም በጣልያን ቅላጼ ነው የሚያወሩት። ሰላምታውና ስድቡ በጣልያንኛ ጣል ጣል ይላል። የፍሎረንስ ሰው ቢሰማው ምናልባት ይስቅ ይሆናል። ተጫዋቹ ግን ሰተት ብሎ ገባበት፤ ውሉ ከዳር እስከ ዳር አልተነካማ።

ጋሽ በቀለ፦ እንግዲህ በአንቺ አባባል የዘዬው ልክነት ዋና ነገር አይደለም፤ እርስ በርስ መግጠሙ ነው። እሺ፤ ወንድምሽ ፓሪስን በእንግሊዞች አፍ ያናገረ ጌም አለ ብሎኛል። እሱም እርስ በርሱ ይገጥማል። ታዲያ ሰው ለምን አጉረመረመ?

ህሊና፦ «ዩኒቲ» ነው፤ 2014። የፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፤ ኖትርዳም ከነማማዎቿ ቆማለች፤ ሰዎቹ ግን የለንደን ሰዎች ናቸው። ያጉረመረሙበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ይኸው ተከታታይ ጌም ጣልያኖቹን በጣልያን ቅላጼ አናግሮ ጆሯችንን አስለምዶታል። ያስለመደውን ራሱ ነጠቀን። ውሉ የሚታሰረው አንድ ጌም ውስጥ ብቻ አይደለም፤ አድማጩ ከቤቱ ይዞት ከሚመጣው ልማድ ጋርም ነው።

ጋሽ በቀለ፦ ግን የእንግሊዝ ዘዬ ምን አስገባው? ፊልሙም ላይ ሮማዊው እንግሊዝ፣ ንጉሡ እንግሊዝ፣ ጠንቋዩ እንግሊዝ!

ህሊና፦ ከሼክስፒር መድረክ ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ጌም የተሸጋገረ ልማድ ነው። ለአሜሪካዊ ጆሮ የእንግሊዝ ዘዬ የሩቅ ዘመን ምልክት ሆኗል። ጃፓኖቹ ሳይቀሩ ተጠቅመውበታል። ፍሮም ሶፍትዌር «ዲመንስ ሶልስ»ን በ2009፣ «ዳርክ ሶልስ»ን በ2011 ሲያወጣ፣ እዚያው ጃፓን ውስጥ የተሸጡትም ድምፃቸው እንግሊዝኛ ነበር። ጃፓናዊው በአገሩ ልጆች የተሠራ ጌም እየተጫወተ እንግሊዝኛ ይሰማል፣ ጃፓንኛ ያነባል።

ጋሽ በቀለ፦ ይሄስ ውል ማፍረስ አይደለም?

ህሊና፦ አይደለም፤ ምክንያቱም ያ ዓለም የማንም አገር አይደለም። «ዳርክ ሶልስ» ውስጥ እሳት ዳር የተቀመጠ አንድ ተስፋ የቆረጠ ወታደር አለ። ጥቂት ቃል ይወረውርልዎትና በደረቅ ሳቅ ይዘጋዋል። ሳቁ ውስጥ ደስታ የለም። ተመልሰው ቢያናግሩት ያንኑ ይልዎታል፤ እንደገና ያው ሳቅ። ስለ አገሩ ምንም ሳይነግርዎ አገሩ ማለቁን ከሳቁ ያውቃሉ። እዚያ ላይ «ይሄ ዘዬ የእኛ አይደለም» ብሎ የሚሟገት ባለአገር ስለሌለ ድምፁን እንዳለ ይቀበሉታል።

ጋሽ በቀለ፦ ባለአገር የሌለበት አገር ቀላል ነው። ባለአገር ያለበትስ?

ህሊና፦ እዚያ ላይ ዘዬ አድራሻ ይሆናል። ዋርሶ ያለው ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ በ2015 ያወጣውን «ዊቸር 3» ይውሰዱ። ቬለን የሚባል ረግረጋማ፣ ጦርነት ያደቀቀው አገር አለ፤ ገበሬዎቹ በእንግሊዝ ገጠር ዘዬ ይናገራሉ። ባሕር ተሻግረው ስኬሊጌ ደሴቶች ሲደርሱ የአየርላንድ ቅላጼ ይቀበልዎታል። ኒልፍጋርድ የሚባለውን አገር ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ቻርልስ ዳንስ ነው የሚናገርለት፤ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያስፈልገው ሰው። ካርታ ሳይገልጡ በጆሮዎ ብቻ የት እንዳሉ ያውቃሉ።

ጋሽ በቀለ፦ እኛስ ጎጃሜውን ከወሎዬው፣ ጎንደሬውን ከመንዜው ለመለየት ስንት ቃል ይፈጅብናል? ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ነው። ግን እዚህ ጌም ላይ ያለው ጀግናስ በምን ዘዬ ነው የሚናገረው?

ህሊና፦ ጌራልት? እንግሊዝኛው ላይ የሚናገርለት ዳግ ኮክል ነው። በአሜሪካ ዘዬ።

ጋሽ በቀለ፦ ያዝኩሽ! ዙሪያው ሁሉ እንግሊዝና አየርላንድ፣ እሱ አሜሪካዊ። አልታየር ላይ የፈረድሽበትን እዚህ ልታጸድቂው ነው?

ህሊና፦ አጸድቀዋለሁ። አልታየር ከሰዎቹ አንዱ ነው፤ ጌራልት የማንም ወገን አይደለም። ጭራቅ አዳኝ ነው፤ ሲቸግራቸው ይጠሩታል፣ ሲያልፍ ይተፉበታል። ጆሮዎ «ይሄ ሰውዬ የዚህ አገር ሰው አይደለም» ካለዎት ልክ ብሎዎታል። እንዲያውም ጌሙ የተቀዳባቸው የሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። «የሪቪያው ጌራልት» ይባላል እንጂ የሪቪያ ሰው አይደለም። ሰዎች እንዲያምኑት ብሎ ስሙን መርጦ ነው የያዘው፤ የሪቪያን ዘዬም ተለማምዶታል።

ጋሽ በቀለ፦ አድራሻ የሌለው ሰው ለራሱ አድራሻ ሲያበጅ ከዘዬ ጀመረ በይኛ። ይህን ደራሲ ወደድኩት።

ህሊና፦ ካርታው ሲዛባም ወዲያው ይታወቃል። «ድራገን ኤጅ» በ2009 ሲወጣ ኦርሌ የሚባለው አገር ሰዎች የፈረንሳይ ቅላጼ፣ ድንክዬዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ዘዬ ነበራቸው፤ ጫካ የሚኖሩት ኤልፎችም እንደዚሁ በአሜሪካ ዘዬ ይናገሩ ነበር። በ2011 ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ኤልፎቹ ዌልሶችና አየርላንዶች ሆነው ብቅ አሉ። አዲሱ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ የቆየው ተጫዋች ግን «እነዚህን ልጆች ምን ነካቸው?» ማለቱ አይቀርም።

ጋሽ በቀለ፦ ካርታው ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዘዬውን ልቅም አድርጎ ይዞ ነፍስ የሌለው ተዋናይ ስንት አየሁ መሰለሽ። እኛ ተዋናዮቹን አንድ ማይክ ዙሪያ እናቆማቸው ነበር፤ አንዱ የሌላውን ዓይን እያየ፣ ትንፋሹን እየሰማ። የናንተዎቹስ እንዴት ነው የሚቀረጹት?

ህሊና፦ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ። ጠባብ ክፍል፣ ማይክ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ዳይሬክተር፣ ፊቱ ላይ በሰንጠረዥ የተደረደረ ንግግር። የሚያናግረው ጠላቱን ይሁን ልጁን፣ እየሮጠ ይሁን ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ካልነገረው አያውቅም። ተጫዋቹ የትኛውን መንገድ እንደሚመርጥ ስለማይታወቅ ለአንዱ ጥያቄ ሦስት አራት መልስ ይቀረጻል። ከዚያ የጩኸቱ ተራ ይመጣል፤ በእሳት መቃጠል፣ ከገደል መውደቅ፣ መታነቅ፣ በየዓይነቱ። የአሜሪካ የድምፅ ተዋናዮች በጥቅምት 2016 ጀምረው አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አድማ ሲመቱ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ጉሮሮ የሚያደማ ሥራ ነበር።

ጋሽ በቀለ፦ በዚህ ዓይነት የተቀረጸ ነገር ሲሰማ ያስታውቃል?

ህሊና፦ «ኦብሊቪየን»ን ልንገርዎት፤ 2006። ንጉሠ ነገሥቱን ፓትሪክ ስቱዋርት ተጫወተው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ገና መግቢያው ላይ ይገደላል። ልጁን ሾን ቢን። የቀረውን የአገር ሕዝብ በጣት የሚቆጠሩ ተዋናዮች ተከፋፈሉት። እንግዲህ መንገድ ዳር አንድ ለማኝ አለ። ሳንቲም ሲለምንዎ ድምፁ የሻከረ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የተራበ ሰው ድምፅ ነው። የከተማውን ወሬ ሲጠይቁት ጉሮሮው በአንዴ ይጠራና እንደ ዜና አንባቢ ይንቆረቆራል። ሳንቲም ሲሰጡት ተመልሶ ይሻክራል።

ጋሽ በቀለ፦ ምን ሆኖ ነው?

ህሊና፦ ወሬው ለእሱ ተብሎ አልተቀረጸማ! ማንም መንገደኛ እንዲናገረው አንዴ ተቀርጾ የተቀመጠ ነው፤ ፕሮግራሙ እየመዘዘ ለደረሰው አፍ ያጎርሰዋል። ብሎ ብሎ አንዲት ተዋናይት ተሳስታ «ይችን እንደገና ልበላት» ያለችው ሳይቆረጥ ቀርቶ ከነጌሙ ገበያ ወጥቷል።

ጋሽ በቀለ፦ የእኔ ቴክኒሻን ቢሆን ያን ቀን እንጀራው ያበቃ ነበር።

ህሊና፦ ተምረውበታል። ያው ኩባንያ፣ ቤተስዳ፣ በ2011 «ስካይሪም»ን ሲያወጣ ከ70 በላይ ተዋናዮችና 60,000 ገደማ የንግግር መስመሮች ነበሩት። ሰሜነኞቹ ኖርዶች የስካንዲኔቪያ ቅላጼ ያዙ፤ ስዊድናዊው ማክስ ቮን ሲዶው ሳይቀር ተጠርቶ አንድ ሽማግሌ ተጫወተ። ሆኖም ከዚያ ሁሉ ንግግር ሕዝብ የሚያስታውሰው ጉልበቱን በቀስት ተመትቶ ጀብዱ የተወውን ዘበኛ ነው። በደረሱበት ከተማ ሁሉ ያለ ዘበኛ ይህንኑ ታሪክ እንደ ግል ታሪኩ ስለሚያወራው መቀለጃ ሆኖ ቀረ።

ጋሽ በቀለ፦ ከዘዬ ግድፈት ይልቅ ድግግሞሹ ሰውየውን ገደለው ማለት ነው። የሰው ማነስ ግን ብቻውን ችግር አይመስለኝም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ አንድ ሰው ነበር። ተዋናይ አነሰ ያለ አልሰማሁም፤ አገሩን በሙሉ በአንድ ጉሮሮ አቆመው።

ህሊና፦ ትክክል ነዎት፤ ምሳሌም አለኝ። «ዲስኮ ኤሊሲየም» የሚባል ከኢስቶኒያ የመጣ ጌም አለ። በ2019 ሲወጣ ከፊሉ ብቻ ነበር ድምፅ ያለው። በ2021 ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ የሆነውን ጽሑፍ በድምፅ አወጡት። የዋናው መርማሪ 24 ችሎታዎች፣ ይሉኝታው፣ ብልጠቱ፣ ፍርሃቱ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ እየተሻሙ ያወሩታል። የሁሉም ድምፅ አንድ ሰው ነው፤ ሌንቫል ብራውን የሚባል ሙዚቀኛ። ከዚያ በፊት የድምፅ ተዋናይ አልነበረም።

ጋሽ በቀለ፦ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ስላሉ አንድ ድምፅ ሆኑ። ምክንያት ያለው ቁጠባ! የለማኙ ግን ምክንያት የለውም። ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ ሰውየው በገዛ ቋንቋው ቢናገርና እኛ ከታች ብናነብስ?

ህሊና፦ እንደሱ የሚመርጡ ሞልተዋል። የኪየቮቹ 4ኤ ጌምስ በ2010 ያወጡት «ሜትሮ 2033» የሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ውስጥ ነው የሚካሄደው። እንግሊዝኛው ላይ ሁሉም በሩስያ ቅላጼ ይናገራል። እስቲ ያስቡት፤ ሁለት ሩስያውያን ጨለማ ውስጥ ለብቻቸው ሲያወሩ እንግሊዝኛ የሚያጎለድፉት ለማን ብለው ነው? ሰው በአፍ መፍቻው ባዳ አይሆንም። ስለዚህ ሩስያኛውን ከፍተው እያነበቡ የሚጫወቱት ብዙ ናቸው።

ጋሽ በቀለ፦ ይኸው ነገሩ አለቀ።

ህሊና፦ አላለቀም። ፊልም ሲያዩ እጅዎ ሥራ ፈት ነው። ጌም ላይ ዓይንዎ ጠላት ላይ፣ ጣትዎ ጆይስቲክ ላይ ነው። ከኋላ «ተኛ!» የሚልዎትን ጽሑፍ ለማንበብ ዓይንዎን ዝቅ ካደረጉ አልቆልዎታል። ሌላም አለ፤ ከንፈር። «ጎስት ኦቭ ሱሺማ» በ2020 ወጣ፤ በ1274 ሞንጎሎች ጃፓንን ሲወርሩ የሆነ ታሪክ ነው፤ ሠሪዎቹ አሜሪካውያን። ጃፓንኛ ድምፅ ነበረው፤ ከንፈሩ ግን ለእንግሊዝኛው የተሠራ ስለሆነ አፍ ሌላ፣ ድምፅ ሌላ ሆነ። በ2021 ለፕሌይስቴሽን 5 ሲያሻሽሉት ነው ከንፈሩ ከጃፓንኛው ጋር የታረቀው።

ጋሽ በቀለ፦ ከንፈሩን አታክብጂው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲያመጣ የኪነ ጥበብ ሰው ብዙ ተቃውሟል። ከንፈርማ የት ይገጥማል! ግን «ጥቁር ፍቅር» ሲጀምር የጎረቤት ወሬ ይቆም ነበር። ቁጣው ቁጣ፣ ልመናው ልመና ከሆነ ዓይን ለጆሮ ይሸነፋል። እኔን ያስቀየመኝ ሌላ ነው፤ በሰማኋቸው ሁሉ የኢስታንቡሉ ቱጃርም፣ ከገጠር የመጣው ሎሌም፣ ፖሊሱም በአንድ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው የሚያወሩት። ያንቺ አድራሻ ጠፍቷል።

ህሊና፦ እንመልሰው ቢሉስ? ሎሌውን የየትኛውን አካባቢ ዘዬ ሊሰጡት ነው?

ጋሽ በቀለ፦ አዪ! እሱ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላል ያገሬ ሰው። በኛ መድረክ ላይ ባላገሩ ገና አፉን ሲከፍት አዳራሹ ይስቃል። የሳቁ መንስኤ ቃሉ አይደለም፤ ዘዬው ነው። ለሎሌው የባላገር ዘዬ፣ ለጌታው የከተማ ዘዬ ከሰጠሽ ፍርድ ሰጥተሻል።

ህሊና፦ ጌሙም ያው ነው። ሰካራሙ ድንክዬ ስኮትላንዳዊ፣ ኪስ አውላቂው የለንደን ሠፈር ልጅ፣ ቦምብ አጥማጁ ሩስያዊ። እኛ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ሬዚደንት ኢቭል 5»፣ 2009። ቦታው ኪጁጁ የሚባል፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ያለ የፈጠራ አገር ነው። እየተንጋጉ የሚመጡት ጠላቶች የሚጮኹት ግን በስዋሂሊ ነው።

ጋሽ በቀለ፦ ስዋሂሊን ምን ምዕራብ አፍሪካ አደረሰው?

ህሊና፦ ለአብዛኛው ገዢ ልዩነት አያመጣማ። የናይሮቢው ወይም የዳሬሰላሙ ተጫዋች ግን እያንዳንዱን ቃል ይሰማል። ሌላው በፍርሃት ሲዋጥ እሱ «እነዚህ ሰዎች እኛ ሠፈር ምን ይሠራሉ?» እያለ ከጌሙ ይወጣል። አየህ፣ ዘዬ ለማን ጆሮ ተብሎ እንደተሠራ ያኔ ይጋለጣል… ይቅርታ ጋሼ፣ አየህ አልኩ።

ጋሽ በቀለ፦ ስትሞቂ ነው፤ ቀጥዪ።

ህሊና፦ ነገሩን አውቀው የሠሩበትም አሉ። ቅድም ያነሳሁት «ዲስኮ ኤሊሲየም» ውስጥ ኪም የሚባል ሁለተኛ መርማሪ አለ። ዘሩ ከሌላ አገር ይመዘዛል፤ እሱ ግን ታሪኩ የሚካሄድባት ከተማ ልጅ ነው። የሚናገርለት ፈረንሳዊ ነው፤ ቅላጼውም ፈረንሳይኛ የሚሸተው የከተማዋ አየር ያለበት ነው። መንገድ ላይ አንድ ዘረኛ የከባድ መኪና ሹፌር መልኩን ብቻ አይቶ ልክ እንደ እንግዳ «እንኳን ወደ ከተማችን መጣህ» ይለዋል። ተጫዋቹ ኪምን ሲሰማው ቆይቷል፤ ልጅነቱ የት እንደሆነ ጆሮው ያውቃል። ስለዚህ ስድቡ ራሱን ተጫዋቹን ያመዋል።

ጋሽ በቀለ፦ እዚህ ላይ ዘዬው ምስክር ሆነ። አድራሻውን ድምፁ መሰከረ፤ ሹፌሩ በመልክ ፈረደ።

ህሊና፦ አዎ። የስዋሂሊውም ታሪክ እዚያ አላበቃም። በ2017 «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ» ግብፅን ይዞ ሲመጣ ጀግናው ባየክ ነበር፤ ልጁን የተነጠቀ አባት። ድምፁን የሰጠው አቡበከር ሳሊም ይባላል፤ ከኬንያውያን ቤተሰብ እንግሊዝ የተወለደ ተዋናይ። ይህ ሰው በኋላ የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመና በ2024 «ቴልስ ኦቭ ኬንዜራ፦ ዛው»ን አወጣ። አባቱ ከሞተ በኋላ ሐዘኑን ያወጣበት፣ ከባንቱ ሕዝቦች ተረት የተቀዳ ጌም ነው። በስዋሂሊ ድምፅ መጫወት ይቻላል። በ2009 የጠላት ጩኸት የነበረው ቋንቋ በ2024 የሚያዝን ልጅ ቋንቋ ሆነ።

ጋሽ በቀለ፦ ቋንቋው ያው፣ የያዘው እጅ ሌላ።

ህሊና፦ አልታየርን የፈጠረው ተከታታይም በ2023 «ሚራዥ»ን ሲያወጣ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ ሙሉ የዓረብኛ ድምፅ ሰጠው፤ የጀግናውን ኢያድ ነስር የሚባል ታዋቂ ዮርዳኖሳዊ ተዋናይ ተናገረ። የአላስካ ነባር ሕዝቦች ድርጅት ያለበት «ኔቨር አሎን» ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ ትረካውን በኢኑፒያት ቋንቋ አቀረበ። ያንን ቋንቋ የሚናገር በጣም ጥቂት ሰው ነው፤ የተጫወተው ግን እዚያ የበረዶ አገር ውስጥ ተረት ሲነገረው ተቀመጠ።

ጋሽ በቀለ፦ አሁን ደግሞ ማሽን ይናገርልናል ይላሉ። ተዋናይም፣ ስቱዲዮም፣ ሻይም አያስፈልግም አሉ።

ህሊና፦ የአሜሪካ ተዋናዮች ከሐምሌ 2024 ጀምረው እስከ 2025 አጋማሽ እንደገና አድማ የመቱት በዚህ ነው፤ ድምፃችን ያለፈቃዳችንና ያለክፍያ በማሽን አይባዛ ብለው። ለኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ማሽን የሚያውቀው ደጋግሞ የሰማውን ነው። የለንደንን ዘዬ ጠግቦ ሰምቷል። የመንዝ አዛውንት ሲቆጡ፣ የቦረና ሳይንት እናት ስታባብል የት ሰማ? ለማያውቀው ሁሉ የሚያውቀውን አንዱን ይለጥፍበታል።

ጋሽ በቀለ፦ እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ አገር ድምፅ ያለው ጌም ይሠራል?

ህሊና፦ ጅምሩ አለ። ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» አለ፤ ከድስት ያመለጠች ዶሮ የምትሮጥበት የስልክ ጌም። ቁጭ ብለው ታሪክ የሚከታተሉበት፣ ሰዎቹ ከዳር እስከ ዳር የሚነጋገሩበት ትልቅ የአማርኛ ጌም ግን ገና ይመጣል ብዬ ነው የምጠብቀው። ሲመጣ ገንዘቡ በሥዕሉ ያልቅና ድምፁ በመጨረሻው ሳምንት ከቢሮው ልጆች መካከል ጉሮሮው ደህና በሆነው ይሞላል ብዬ እሰጋለሁ። ሁሉም የቦሌ ልጅ ይሆናል።

ጋሽ በቀለ፦ ያ ከሆነ ጎንደር ግንብ ሥር ቆሞ የቦሌ ልጅ ሲፎክር እንሰማለን፤ ያው የወንድምሽ አሜሪካዊ ሶርያ ላይ ማለት ነው። እንግዲያው ለእኩዮችሽ ይህን ንገሪልኝ። የሰውየውን ፊት ከመሳላችሁ በፊት የት እንዳደገና ማን እንዳሳደገው ጻፉ። ዘዬውን ከዚያው አገር ለሆነ ተዋናይ ስጡት፤ ካልተገኘም ዘዬውን የሚያውቅ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ይቀመጥና ያርም። ጀግናም፣ ሎሌም፣ ክፉም፣ ደግም ከየአገሩ ይምጣ፤ አንዱ ዘዬ ለሳቅ፣ አንዱ ለክብር አይመደብ። ተዋናዩንም ብቻውን ሳጥን ውስጥ አትዝጉት፤ የሚመልስለት ሰው ፊቱ አቁሙለት። የድምፁን በጀት ደግሞ ከሥዕሉ በጀት ጋር በአንድ ቀን ያዙ፤ ከተረፈ ገንዘብ አትጠብቁ።